ስለ ወሎ ሃይማኖቶች የጥናት ጉባኤ ሲጠራ ከምን ይጀመር? ሙሉ ክሩ ከነመልሶቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተደረገውን ይህን የጽሑፍ ውይይት፣ የከፈተው ደሴ ላይ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ነው። የትምህርት ክፍሉ በሚመጣው ዓመት ስለ ወሎ ሃይማኖቶች የሁለት ቀን የጥናት ጉባኤ ለመጥራት አስቧል፤ የጥሪው ረቂቅ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አላረካውም። ወሎን የሚመለከቱ ብዙ ጥናቶች «የመቻቻል ተምሳሌት» ብለው ይነሡና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ያልቃሉ ይላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (በወሎ እድር) ይቀባበራል፣ ልጁ ገብሬ ቢባል አባቱ ይማም ነው፣ ይህ ሁሉ ይጻፋል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ከየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ዘመን፣ ከማን አንደበት እንደተገኘ አይነገርም። በሌላ በኩል በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያሉት ብራናዎችና በቃሉ፣ በወረባቦ፣ በአልብኮ ወረዳዎች በየቤቱ ያሉት ኪታቦች (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የእስልምና መጻሕፍት) አንባቢ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ አንድ የታወቀ ምንጭ ያልያዘን ጥናት ጉባኤው አልቀበልም ቢል ያስኬዳል ወይ? የሚያስኬድ ከሆነስ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን? በመጨረሻም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍሎች እንዲተባበሩ ጠይቋል።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ ጠያቂውን ወንድም ዓለም ብሎ አመስግኖ አንድ እርማት ሰጥቷል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል የለውም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሃይማኖትን የሚያጠኑት የታሪክ፣ የፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት)፣ የማኅበረሰብ ጥናትና የፎክሎር ክፍሎች ናቸው። ነገረ መለኮት የሚሰጠው በሃይማኖት ተቋማት ነው፦ በቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ በኢትዮጵያ የነገረ መለኮት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትና በመሰሎቻቸው። ልዩነቱ ለጥሪው ትልቅ ትርጉም አለው ባይ ነው። የሃይማኖት ተቋም መምህር ከእምነቱ ውስጥ ሆኖ ይጽፋል፤ የዩኒቨርሲቲው አጥኚ ስለ እምነቱ ይጽፋል። ጥሪው ሁለቱንም እጋብዛለሁ ካለ ገምጋሚዎቹ በምን መስፈርት እንደሚመዝኑ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቀን በክርክር ይባክናል።

2ኛ መልስ

ይህ ሰው ጉባኤ ያዘጋጀ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ወሬ ሳያበዛ ወደ ቁጥር ገብቷል። አኅጽሮተ ጽሑፉ (የጥናቱ አጭር መግለጫ) ከ250 እስከ 300 ቃል ይሁን። አምስት ነገር ካልያዘ ይመለስ፦ ጥያቄው፣ ምንጩና የሚገኝበት፣ ምንጩ የተነበበበት መንገድ፣ እስካሁን የተገኘው ውጤት፣ ከዚህ በፊት ከተጻፈው የሚለይበት ነጥብ። ስምና ተቋም በሌላ ገጽ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ገምጋሚ የጸሐፊውን ስም ሳያይ ያንብበው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ወደ ሦስተኛ ይሂድ።

የሁለቱን ቀን ጊዜም ሸንሽኖታል። አንድ ክፍለ ጊዜ 90 ደቂቃ ሆኖ ሦስት ጽሑፍ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ማቅረቢያና 10 ደቂቃ ውይይት። የመጀመሪያው ቀን አራት ክፍለ ጊዜ፣ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ድምሩ 18 ጽሑፍ ነው። የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጻሕፍቱ ራሳቸው ለሚታዩበት የተግባር ሥራ ይተው። ከ18ቱ በላይ አራት ተጠባባቂ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቃል ገብቶ የሚቀር አቅራቢ በየጉባኤው አይጠፋም። የመክፈቻ ንግግር ሦስት ሰው፣ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ፤ ይህ በጽሑፍ ካልተነገራቸው ንግግሩ እስከ ሻይ ሰዓት ይዘልቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አቅራቢዎችም ጊዜያቸውን ይነጠቃሉ።

3ኛ መልስ

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። መላሿ ፎክሎር የምታጠና ናት፤ የመክፈቻውን ሐሳብ በቁጣ ነው የተቃወመችው። ምንጭ ማለት ብራናና ወረቀት ብቻ ከሆነ ከወሎ ሃይማኖት ግማሹ ከጉባኤው በር ውጭ ይቀራል ትላለች። መንዙማው በሐድራ (በዱዓ ስብሰባ) ላይ በቃል ይኖራል፤ የአበጋሮች፣ የአስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ የእርቅ ሥርዓት በቃል ይኖራል፤ የሴቶች ዱዓ መቼ ተጽፎ ያውቃል? የተጻፈውን የጻፉት ሸኾችና ደብተራዎች ናቸው፣ ጸሎቱን የተሸከሙት ግን እናቶች ናቸው። 2ኛው መላሽ የዘረዘራቸው አምስት ነጥቦችም ለብራና አንባቢ የተሰፉ ስለሆኑ ይከለሱ ብላለች።

ንግግሯ ሹል ቢሆንም ነጥቧ ከባድ ነው። የመክፈቻው ጸሐፊ «የታወቀ የጽሑፍ ወይም የቃል ምንጭ» ሊል ይችል ነበር፤ «የታወቀ ምንጭ» ብሎ ማለፉ በሩን ግማሽ ዘግቶታል።

4ኛ መልስ

ቀጣዩ ጸሐፊ ጠቡን ያበረደው ሥራውን በማሳየት ነው። የቃል ምንጭ ልክ እንደ ብራናው መለያ ቁጥር ይኑረው ይላል። ድምፁ በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት፣ ባልታመቀ የዌቭ ፋይል ይቀዳ፤ በሁለት ቻናል ሲሆን አንድ ሰዓት ቅጂ አንድ ጊጋባይት ያህል ይፈጃል። በስልክ የድምፅ መልእክት የተቀዳ መንዙማ አይረባም፤ መተግበሪያው ድምፁን ስለሚያምቀው የድቤውና የተቀባዩ ድምፅ ይደበላለቃል። ቅጂው ሲጀመር ቦታው፣ ቀኑ፣ የመሪው ስምና ግጥሙን ከማን እንደተማረው በድምፅ ይነገር። ከማን ተማርከው የሚለውን ጥያቄ ቸል ያለ አጥኚ ዋናውን ነገር ጥሏል፤ በወሎ የታወቁት ሁለቱ የመንዙማ ወገኖች፣ የሸኽ ጀውሀር የሾንኬ ወገንና የጀማ ንጉሥ ወገን፣ የሚለዩት በዚያ የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት ነውና።

ፈቃድም አለ። መንዙማ ለአምልኮ የሚባል ስለሆነ መሪው ለጥናት ይቀዳ ቢል እንኳ በኢንተርኔት ይለቀቅ ማለቱ አይደለም፤ ሁለቱ በተለያየ መስመር ይጠየቁ። 3ኛዋ መላሽ በዚህ ተስማምታ አንድ ነገር ብቻ አክላለች፦ ሴቶቹ ሲቀዱ ቀጂዋም ሴት ትሁን።

5ኛና 6ኛ መልስ

ወደ ቦሩ ሜዳ ተገባ፤ መግባቱም አይቀርም ነበር። 5ኛው መላሽ የመቻቻሉን ትረካ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ይላል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሆነው ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በክርስቲያኖች መካከል የነበረውን ክርክር ዘግቶ ተዋሕዶን አጸና፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉትን የሦስት ልደት ወገኖች ረታ። ያንኑ ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በዮሐንስ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠው በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ፤ የዓጀም (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ) ግጥሞቻቸውም ከዚያ ዘመን ወሎ ቅርሶች መካከል ናቸው። ስለዚህ በወሎ አብሮ መኖር ከጥንት ዝም ብሎ የወረደ ጸጋ ሳይሆን ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ሰዎች እንደገና የሠሩት ነው፤ እንዴት እንደሠሩት ማጥናት ነው የጉባኤው ሥራ። ይህን ዘመን የሚያጠና ሰው ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ላይ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን መጽሐፍ ሳያነብ አይነሣ ብሏል።

በበኩሌ የክሩ እምብርት ይህ መልስ ነው እላለሁ። 6ኛው መላሽ ግን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል (የቀድሞው ኢማም መሐመድ ዓሊ) ከልባቸው ተጠመቁ ወይስ ለሥልጣን የሚል ክርክር አንሥቶ 5ኛውን በወገንተኝነት ከሰሰ። ሦስት አራት ሰው ገባበትና የሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ፣ የልጃቸው የልጅ ኢያሱ ነገር፣ የሰገሌ ጦርነት ሳይቀር ተነሣ። የመድረኩ አስተባባሪ ሰባት መልስ ወደ ሌላ ክር አዛውሯል፤ ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ከ14 የሚቀጥለው በዚህ ነው።

14ኛ መልስ

ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ የቅርስ ባለሙያ ክሩን ወደ መስመሩ መለሰው። ጽሑፉ ስለ ፈቃድ ነው፤ ለተማሪ ሁሉ ይጠቅማል። የቅርስ ጥናትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ከዚያ ወደ ዞኑና ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። ይህ የመንግሥቱ መንገድ ነው፤ ግማሹ መንገድም ይኸው ነው።

ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከሀገረ ስብከቱ ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ገዳሙ አበምኔት ወይም ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤ ይኬዳል። ዕቃ ቤቱን የሚከፍተው ሰው ግን ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ቁልፉ በሁለትና በሦስት ሰው እጅ ነው፣ አንዱ ከሌለ አይከፈትም። ከመሄድ በፊት በስልክ ሦስቱም መኖራቸው ካልተረጋገጠ ቀኑ ባዶ ይውላል። ለኪታቦች ደግሞ ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የሚገኘው ደብዳቤ በር ያስከፍታል እንጂ ኪታብ አያስከፍትም። ኪታቡ በአብዛኛው የሸኹ ልጆችና የልጅ ልጆች ነው፤ ተካፍለውት ከሆነ አንዱ ወንድም የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። ቤተሰቡ በአንድነት ተቀምጦ እንዲወስን ጊዜ ይሰጥ፤ አስቸኩሎ ያስፈረመ ሰው ሁለተኛ አይገባም።

አንድ ማስጠንቀቂያም በትልቁ ጽፏል። በአኅጽሮቱም በስላይዱም ላይ መጽሐፉ የተቀመጠበት ቤትና ሣጥን አይገለጽ። ቅርስ የሚሰርቅ ሰው ጉባኤ መግባት አያስፈልገውም፣ የታተመውን የአኅጽሮት ጥራዝ ማንበብ ይበቃዋል። ወረዳና መለያ ቁጥር ለአንባቢ በቂ ነው።

15ኛ መልስ

ከክሩ ረጅሙ ይህ ነው፤ ለሁለተኛው ቀን የተግባር ሥራ ስለ ፎቶ አነሣስ ይዘረዝራል። ፍላሽ ክልክል ነው። ሁለት የኤልኢዲ መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ የሚሞቅ አምፖል ብራናውን ያኮማትረዋል። ካሜራው ከላይ ወደ ታች በማቆሚያ ይታሰር፣ የሌንሱ ፊት ከገጹ ጋር ትይዩ መሆኑ በውኃ ልክ ይረጋገጥ። አይኤስኦ 100፣ የሌንስ ክፍተት 8፣ መዝጊያው በገመድ ወይም በሰዓት ቆጣሪ ይነካ። የመጀመሪያው ፎቶ የቀለም ካርድና ሴንቲሜትር ያለበት ይሁን፤ ቀዩ ቀለም በኋላ በስክሪን ላይ ቡናማ ሲመስል የሚታረመው በዚያ ካርድ ነው።

መጽሐፉ ጠፍጥፎ አይከፈትም። የቆየ ስፌት ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ከተከፈተ በቂው ነው፤ ከገበታው ሥር ትራስ ይደረግለት። ነጭ ጓንት አያስፈልግም፤ ጓንት የቅጠሉን ጫፍ አይለይምና ይቀድዳል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። የጧፍ ጠብታ በጥፍር አይፋቅ፣ አቧራም በእርጥብ ጨርቅ አይነካ፤ ቀለሙ ይለቅቃል። ኪታቦቹ ወረቀት ስለሆኑ ችግራቸው ሌላ ነው፦ ብዙዎቹ ሳይሰፉ ልቅ ቅጠል ሆነው በቆዳ ማኅደር የሚቀመጡ ናቸው። ከማኅደሩ ሲወጡ የነበሩበት ቅደም ተከተል የተሳሳተ ቢመስልም አይስተካከል፤ እንዳለ ተነሥቶ ማስተካከሉ በኮምፒውተር ላይ ይሁን። የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል በገጹ ግርጌ ስለሚጻፍ ቅደም ተከተሉን ኋላ መመለስ ይቻላል።

ትልቁ ስሕተት ሁለት ቅጠል አንድ ላይ መግለጥ ነው። መድኃኒቱም ጥራዝ (አንድ ላይ ታጥፎ የተሰፋውን የቅጠል ስብስብ) መቁጠር። የብራና ጥራዝ በአብዛኛው አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው፣ ማለትም ስምንት ወይም አሥር ቅጠል፤ ከእያንዳንዱ ጥራዝ በኋላ የፎቶው ቁጥር 16 ወይም 20 ካልሆነ እዚያው ቆሞ መመለስ ያስፈልጋል። ሠርቶ ከጨረሱ በኋላ የተገኘ ጉድለት ሌላ ደብዳቤና ሌላ ጉዞ ይጠይቃል። ሁለት ሰው፣ አንዱ ገላጭ አንዱ አንሺ፣ በ30 ሰከንድ አንድ ገጽ ቢያነሡ 300 ገጽ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በቀን ከሁለት መጽሐፍ በላይ ያቀደ ሰው ትኩረቱ ይሰንፋል።

መጠኑንም አስልቷል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ገጽ ባልታመቀ የቲፍ ፋይል 72 ሜጋባይት፣ ጥሬው ፋይል 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለ 150 ቅጠል መጽሐፍ ከነሽፋኑ 310 ፎቶ ስለሚሆን ሁለቱ ተደምረው ወደ 32 ጊጋባይት ይጠጋሉ። ሃያ መጽሐፍ 640 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ቅጂ ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ይበቃል።

16ኛ መልስ

በአጭሩ፦ ዲስኩ ሦስት ይሁን፣ ሦስቱም በአንድ ሕንፃ አይቀመጡ። አንዱ ለባለቤቶቹ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ከወሎ ውጭ ላለ ቤተ መጻሕፍት። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን ዘረፋ ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

17ኛ መልስ

ፊሎሎጂ የሚያስተምሩ፣ ሌሎቹ በአክብሮት የኔታ የሚሏቸው ሰው ናቸው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት የተነሣውን እዩ ብለው መክረዋል። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ብዙ ሺህ መጻሕፍት አንሥቷል፤ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በዚያ ስብስብ ኢኤምኤምኤል 1832 ተብሎ ተመዝግቧል። ወንጌሉ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ስብስቡም ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ምዝገባ ይታያል። ለኪታቦች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የዓረብኛ ጽሑፎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) ዝርዝራቸው ታትሟል። የድሮው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ አይለይም፤ ስለዚህ ዳግም ማንሣት ዋጋ አለው፣ ግን አዲስ ግኝት ተብሎ አይቅረብ።

ከዚህ ቀጥሎ የተናገሩት በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው ያለፈው ነገር ነው። የመክፈቻው ጸሐፊ ለአብሮ መኖር ማስረጃ ከፈለገ ኅዳጉን (በገጹ ዳር የተጻፈውን) ያንብብ ይላሉ። በወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭ፣ የምስክር ስም ይጻፋል። በኪታብም ላይ የባለቤትነት፣ የወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት)፣ የግዥ፣ የልጅ ልደት ማስታወሻ አለ። የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ መልቀም፣ ማን ከማን አጠገብ መሬት እንደነበረው መከተል፤ ስለ ጉርብትና የሚናገረው ማስረጃ ያ ነው። ለሰነዱ ባለቤት የዋናው ጽሑፍ ያህል ያልከበረው ኅዳግ ለታሪክ አጥኚ ይከብራል። ይህን ምክር ጥሪው ላይ በደማቅ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

18ኛ እስከ 20ኛ መልስ

ሦስቱ የመጻፊያ ጉዳይ ናቸው። 18ኛው፣ አኅጽሮቱ በዩኒኮድ ፊደል ካልተጻፈ አልቀበልም በሉ ይላል፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፣ ማታ ሙሉ ጥራዝ እንደገና የሚተይብ ሰውም አይገኝም። 19ኛዋ ስለ ዓጀም አንሥታለች፦ የዓረብኛው ጽሕፈት ሦስት የአናባቢ ምልክት ብቻ ስላለው የአማርኛው ሰባት ድምፆች ይጣበቁበታል፤ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ንባብ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አቅራቢው ሦስት መስመር ያሳይ፦ ዓጀሙን እንዳለ፣ የግዕዝ ፊደል ንባቡን፣ ፍቺውን። ንባቡን ብቻ አቅርቦ ዓጀሙን የደበቀ ጽሑፍ ሊፈተን አይችልም።

20ኛው ቀን መቀየሪያ ሰጥቷል። በዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው) የተጻፈ ከሆነ 5500 ይቀነስ። በሂጅራ ከሆነ ዓመቱ በ0.97 ተባዝቶ 614 ይደመርበት፤ 1295 ሂጅራ 1870 ዓ.ም. ይሰጣል፣ የቦሩ ሜዳው ዓመት ማለት ነው። ግን ወሩ ካልታወቀ ሁለቱ ዓመት ይጻፍ፣ 1870/71 ተብሎ።

21ኛ እስከ 23ኛ መልስ

ስለ ቀኑና ስለ ምሳው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጉባኤ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መስከረም 21 የግሸን ንግሥ ነው፣ የአምባሰል መንገድ ሰው ይሞላዋል፣ ካህንም አይገኝም። በገና ሰሞን ላሊበላ፣ በጥር ጥምቀት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ የዘንድሮው ቀን ለከርሞ አይሠራም፤ በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። 21ኛው ኅዳር አጋማሽን መርጧል፤ የነቢያት ጾም መግቢያ ስለሆነ 22ኛው ተቃውሞ ነበር። 23ኛዋ ግን ጾሙ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም ብላ ዘግታዋለች። በወሎ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነውና በፍስክ ቀን ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ በጾም ቀን ሽሮና ምስር ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። ዓርብን ግን ተዉት፤ የጁምዓ ሶላት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ይወስዳል። ረቡዕና ሐሙስ ይሁን የሚለው ሐሳቧ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል።

24ኛ መልስ

አንድ ሰው ደግሞ ለምን በደሴ ብቻ፣ ዓለም አቀፉን የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ወሎ እናምጣው ብሎ ተነሣ። ጉባኤው በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ከተጀመረ ወዲህ በሀገር ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ከተካሄደባቸው መካከል ድሬዳዋ በ2012ና መቀሌ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይገኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ 2ኛው መላሽ ግን ተመልሶ መጥቶ በመጀመሪያ 18 ጽሑፍ በሥርዓት እናስተናግድ ብሎታል፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ።

25ኛ መልስ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ታዲያ የጉባኤው ሴት አጥኚዎች በሁለተኛው ቀን የት ሊቆሙ ነው? ጠያቂዋ መልሱንም ይዛ መጥታለች። የተግባር ሥራው ከገዳሙ ውጭ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐይቅ ከተማ ወይም በደሴ በአንድ አዳራሽ ይሁን። መጻሕፍት ከገዳም ወጥተው አይጓዙ፤ የተነሡት ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን ይታዩ፣ ለልምምድ ደግሞ ፍቆና ሰፍቶ የሚያዘጋጅ ባለሙያ አዲስ ብራና ይዞ ይምጣ። የቤተ ክርስቲያኑ መምህር ብራናውን፣ ሸኹ ኪታቡን ከስክሪኑ ላይ እዚያው ያንብቡ፤ ለእነሱም እንደ ማንኛውም አቅራቢ አበልና ስማቸው በመርሐ ግብሩ ላይ ይኑር። ይህን መልስ ሁሉም ወገን ተቀብሎታል፤ 3ኛዋም ጭምር።

26ኛ መልስ

ስለ ኅትመት ነው። የጉባኤው ጥራዝ ከመታተሙ በፊት የአንድ ጽሑፍ ክፍያ ላኩ የሚሉ መጽሔቶች ለወጣት መምህራን በኢሜይል ይመጣሉ፤ ግምገማው በሦስት ቀን አለቀ የሚል መጽሔት አልገመገመም። የታወቁት ብዙ ወር ይወስዳሉ፦ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት፣ የሃምቡርጉ ኤትዮፒካ፣ አናል ዴትዮፒ። የቃላት አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ከመላክ በፊት ደንባቸውን አውርዶ ስሞቹን በዚያው ማስተካከል ግድ ነው። ለመጽሐፎቹ ባለቤቶች ደግሞ የታተመው ቅጂ ከፎቶ ዲስኩ ጋር በአማርኛ ማጠቃለያ ይድረሳቸው። ስለ ሸኾቻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነገር ለቤተሰቡ ምንም አይፈይድም።

27ኛ መልስ

የመክፈቻው ጸሐፊ የታረመውን ጥሪ ይዞ ተመልሷል። «የመቻቻል ተምሳሌት» የሚለው ሐረግ ወጥቷል፤ በቦታው የተጻፈም ይሁን የቃል ምንጭ፣ የምንጩ መለያ ቁጥርና ሰንሰለት ይጠቀስ የሚል ገብቷል። የኅዳግ ጽሑፎች ራሱን የቻለ አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ ቦሩ ሜዳና ከእሱ በኋላ ያለው ዘመን ሌላ ክፍለ ጊዜ። የገምጋሚዎቹ መስፈርት ከጥሪው ጋር ተያይዟል። ቀኑ ኅዳር አጋማሽ፣ ረቡዕና ሐሙስ። የአኅጽሮት መቀበያው የመጨረሻ ቀን ነሐሴ 30፣ እስከ 12 ሰዓት ይላል።

28ኛ መልስ

የመጨረሻው መልስ ሁለት መስመር ነው። 12 ሰዓት የጠዋቱ ነው የማታው? ከውጭ የሚልክ አጥኚ እኩለ ሌሊት አድርጎ ያነብበዋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ የጎርጎርዮሱ ቀንና ሰዓት አብሮ ይጻፍበት። ተስተካክሎ ተለጥፏል።